ስጋው የት አለ?

በአዲስ አበባ ስጋ ቤት ገብቶ ስጋውን ሳያይ የሚያዝ ሰው አላውቅም። ብልቱ በሜንጦ ተንጠልጥሎ ከመንገድ ይታያል። ደንበኛው ቀረብ ብሎ ያየዋል፣ በጣቱ ይጠቁማል፤ «ከዚህ ከጎድኑ፣ ጮማም ጣል አድርግበት፣ ሻኛውን እንዳትረሳኝ» ይላል። ቆራጩ ቢላውን በሞረድ ስሎ ይቆርጣል፣ ይመዝናል። የኪሎው ዋጋ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ስጋው በቁርጥም ይቅረብ በጥብስ፣ የገንዘቡ ነገር ሚዛኑ ዘንድ አልቋል። ጠንካራ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የመረጠው በላተኛው ራሱ ነውና ቅሬታው ግማሽ ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢው ለምንኖር ሐበሾች ስቴክ ቤት የክብር ቦታ ሆኗል። ልጅ ሲመረቅ፣ ሰው ዕድገት ሲያገኝ፣ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ «ስቴክ ቤት እንውሰዳቸው» ይባላል። እኔ ስጋ እወዳለሁ፤ ጥሩ ስጋ ውድ መሆኑም አያስከፋኝም። አንድ በሬ የሚሰጠው ምርጥ ብልት ትንሽ ነው፤ የሚያደልበው ሰው ድካም ብዙ ነው። የሚያንገበግበኝ ሰው የወር አስቤዛውን የሚያህል ገንዘብ ለአንድ ማታ አውጥቶ፣ ስለበላው ስጋ ምንም ሳያውቅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። ይህን ነገር በቅጡ እንዳስብበት ያደረጉኝ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን በስጋ ቆራጭነት ነው ያሳለፉት፤ አብዛኛውንም ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ። በሬ ቆሞ ሳለ አይተው የሐረር ይሁን የቦረና ይለያሉ። የሐረርን ሰንጋ ሲያነሱ ፊታቸው ይበራል። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን ከደጁ አስሮ የማሽላና የበቆሎ አገዳ በእጁ እያበላ ነው የሚያደልበው፤ ጋሼ «ያ በሬ ከሰው ጋር ያደገ ነው፣ ስጋውም ይናገራል» ይላሉ። እዚህ የመጡት ልጃቸው ስትመረቅ ለማየት ነበር። ምርቃቱ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለዋለ ረቡዕና ዓርብም ይበላ ነበርና፣ በዚያው ዓርብ ማታ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ስሙ የገነነ ስቴክ ቤት ጠረጴዛ ያዝን።

በሰዓታችን ደረስን፤ ጠረጴዛው አልተለቀቀም ተብለን ባሩ አጠገብ ቆመን ጠበቅን። ጋሼ በሙሉ ልብሳቸው፣ ነጠላቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ ዕድሜያቸው የሚገባው ወንበር ሳያገኙ ቆሙ። በመጨረሻ ስንቀመጥ ክፍሉ በጣም ከመጨለሙ የተነሳ የምግብ ዝርዝሩን ያነበብነው በስልክ መብራት ነው። 16 አውንስ የጎድን ስጋ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ ከ80 ዶላር በላይ። ድንቹ ለብቻው ይከፈላል፣ አረንጓዴ አትክልቱም ለብቻው። አንድ ማንኪያ መረቅ እንኳ የራሱ ዋጋ አለው።

ጋሼ ዝርዝሩን አስነብበው ጨረሱና ቀና ብለው፣ «ስጋው የት አለ?» አሉ።

አስተናጋጁ ትሁት ወጣት ነበር። ተረጎምንለት። ወደ ጓዳ ሄዶ ጠይቆ ተመለሰና ማሳየት እንደማይፈቀድ ነገረን። «እሺ፣ ቆራጩን ጥሩልኝ፣ ላነጋግረው» አሉ ጋሼ። ልጁ እውነቱን ተናገረ፦ እዚህ ቤት ቆራጭ የለም፤ ስጋው ከአቅራቢው ተቆርጦ፣ ተመዝኖ፣ አየር በሌለው ፕላስቲክ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ጋሼ ዝም አሉ። ቆይተው ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ታዲያ በዚህ ቤት ስጋውን የሚያውቀው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። አስተናጋጁ የሚያውቀው ዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን ነው፤ አብሳዩ የሚያውቀው ፕላስቲኩን ነው።

ጋሼ ለብ ያለ፣ ውስጡ ቀይ የሆነ አዘዙ፤ በጥሬ ስጋ ላደገ ሰው ይህ አስቸጋሪ ትእዛዝ አይደለም። የመጣላቸው ግን ዳር እስከ ዳር አመድ የመሰለ ነበር። አስተናጋጁ ራሱ ሳይጠየቅ አይቶ ይቅርታ ብሎ ሳህኑን መለሰው። ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የሁላችንም ምግብ ፊታችን ቀርቧል፤ የትልቁ ሰው ሳህን ግን የለም። ጋሼ «ብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» ቢሉም ማን እጁን ይሰድዳል? ተመራቂዋ ሹካዋን አስቀመጠች፣ ባለቤቴ አስቀመጠች፣ ልጆቹም እናታቸውን አይተው ተዉ። የክፍሉ ኃላፊ ስድስት ሰው እጁን አጣጥፎ ሲያይ ምግቡን ያልወደድነው መስሎት መጣ፤ ገለጽንለት፤ አልገባውም። እንደ ደግነት ቆጥሮ የሁላችንንም ሳህን ሰብስቦ «አሙቀን እናመጣለን» አለና ወሰደው። ሲመለስ ሁሉም ስጋ ከልክ በላይ በስሎ ደርቆ ነበር፤ የጋሼ ሁለተኛው ሳህን ደግሞ ላዩ ከስሎ መሀሉ ገና በረዶ ይዟል። ያኔ ሌሊቱ እየገፋ፣ ትንሹ ልጄም ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ተኝቶ ነበር።

ሂሳቡ ከ700 ዶላር አለፈ። የከተማው የምግብ ቤት ግብር 10 በመቶ አለበት፤ በላዩ 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ታክሎበታል። በ2022 የዋሽንግተን መራጮች የአስተናጋጆች መነሻ ደመወዝ ከፍ እንዲል ድምፅ ከሰጡ ወዲህ ብዙ ቤቶች ይህን ክፍያ ያስገባሉ። ለአስተናጋጁ የሚገባውን አልነፍግም፤ ብዙዎቹ የእኛ ልጆች እዚህ አገር ትሪ ተሸክመው ነው የተማሩት። ጋሼ ልክፈል ብለው ታገሉ፤ ልጃቸው ካርዷን ቀድማ ሰጠች። በመኪና ስንመለስ በብር መንዝረው፣ «በዚህ ገንዘብ እኮ በሬ ይገዛል፤ ቅርጫ ገብተን ሰፈሩ ሁሉ ይበላ ነበር» አሉ። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ ልጃቸው ማታውን በሙሉ ስታፍር ስላዩ አዝነው ነው። እኔን የቆጨኝም ይኸው ነበር። ምርቃት አንድ ጊዜ ነው።

ከዚያ ጾመ ሐዋርያት ገባ። ጋሼ አጥብቀው የሚጾሙ ናቸውና እስከ ሐምሌ 5 የስጋ ወሬ በቤታችን አልተነሳም። ጾሙ ተፈቶ ፍልሰታ ሳይገባ ባለችው ጊዜ ኒው ዮርክን ላሳያቸው በአውቶቡስ ይዣቸው ሄድኩ። የትኬቱ ነገር ሆኖ ቀኑ ዓርብ ዋለ። ሃምሳው ካለፈ ደግሞ ዓርብ ጾም ነው።

ብሮድዌይ አካባቢ በሙቀቱ ስንጓዝ 52ኛው ጎዳና ላይ ጋሼ በድንገት ቆሙ። ከመስታወቱ ወዲያ፣ ብርሃን በበራበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ የበሬ ጎድንና ወገብ በመደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ይታያል። ጋላገርስ የሚባለው ቤት ነው። በ1927፣ አሜሪካ አልኮል በከለከለችበት ዘመን፣ ሄለን ጋላገር የተባለች የመድረክ ተወዛዋዥ ከጃክ ሰሎሞን ከተባለ ቁማርተኛ ጋር በድብቅ መጠጥ ቤትነት የከፈተችው ነው። ስጋውን ለመንገደኛ ሁሉ በመስታወት ማሳየቱ የቤቱ መታወቂያ ነው። ጋሼ ግን ታሪኩን አልጠየቁም። ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ስጋውን ማንበብ ጀመሩ።

መጀመሪያ ደነገጡ። «ይኼማ ከርሟል!» አሉ። ላዩ ጠቁሯል፣ እንደ ቅርፊት ደርቋል፤ አንዳንዱም ነጭ ሻጋታ ጣል ጣል አድርጎበታል። በሌሊት ታርዶ ጠዋት በሚበላ ስጋ ለኖረ ሰው ይህ የሚያስደነግጥ ነው። የማውቀውን ነገርኳቸው፦ ከበረዶ ነጥብ ጥቂት ከፍ ባለ ቅዝቃዜ፣ አየር እየተነፈሰበት፣ ሦስት አራት ሳምንት ያቆዩታል። ውሃው ይቀንሳል፣ ጣዕሙ ይጠነክራል፤ በስጋው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞችም ጅማቱን ቀስ በቀስ ያላሉታል። ከዚያ የጠቆረው ቅርፊት ተገፍፎ ይጣላል። ውድ የሚሆነውም በተነነው ውሃና በሚጣለው ቅርፊት ነው፤ ቦታው፣ ቅዝቃዜውና የሚጠብቀው ሰውም ይከፈልባቸዋል። ጋሼ ሰምተው እንደገና አጎነበሱ። የተቆረጠውን ፊት፣ ቀዩን በቀጭኑ የሚያቋርጠውን ነጭ ስብ፣ የአጥንቱን ቀለም አዩ። «በሬው ወጣት ነው። ጥሩ በልቷል። አልተንገላታም» አሉ።

የአሜሪካ መንግሥት መርማሪም የሚያደርገው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የግብርና መሥሪያ ቤቱ በዚያው በ1927 በጀመረው ደረጃ አሰጣጥ፣ መርማሪው በ12ኛውና በ13ኛው ጎድን መካከል የተቆረጠውን ፊት አይቶ እንደ ስቡ ስርጭትና እንደ ከብቱ ዕድሜ ፕራይም፣ ቾይስ ወይም ሴሌክት ይለዋል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ሙያቸው እዚህም ባለሙያ እንዳለው አወቁ። አንድ ነገር ብቻ አጡ። «ሻኛው የታለ?» አሉ። አንገስና ሄርፎርድ የሚባሉት የዚህ አገር ከብቶች ሻኛ እንደሌላቸው ስነግራቸው ለከብቶቹ ከልባቸው አዘኑ።

ቀኑ ዓርብ ስለሆነ አንበላም። አውቶቡሳችን የማታ ነው። ጋሼ ግን ከመስታወቱ ሳይርቁ «ነገ ቅዳሜ ነው» አሉ። በቃ፣ ትኬቱ ተቃጠለ። ብሮንክስ ወዳለች ዘመዳችን ሄደን በሽሮ ፈታንና አደርን። በማግስቱ ስንመለስ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር፤ ቆመን ጠበቅን። ዋጋው ከዋሽንግተኑ ቤት የሚያንስ አይደለም። ያዘዝነው ለሁለት ሰው የሚሆነውን ፖርተርሃውስ ነው፤ ከወገብ የሚወጣ፣ በአንድ አጥንት ግራና ቀኝ አንዱ ፊሌቶ ሌላው ጠንከር ያለ ስጋ ያለበት። በሂከሪ እንጨት ፍም ነው የሚጠበሰው። ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ቀይ ሆኖ መጣ። ጋሼ አማትበው ጀመሩ፤ መጀመሪያ ለእኔ አጎረሱኝ። ከዚያ በጸጥታ በሉ፤ አጥንቱን አነሡ፣ ጋጡት። ሚጥሚጣ ትዝ አላቸው፤ ከኪሳቸውም በወረቀት የተጠቀለለች አወጡ። ሲጨርሱ ሂሳቡን ጠይቀው ሰሙ። «ውድ ነው» አሉ፤ «ግን ያየሁትን ነው የበላሁት።»

እኔም ከዚያ ወዲህ ስቴክ ቤትን የምመዝነው በዚህ ነው። ሌሎች በሌላ ይመዝናሉ። ብሩክሊን ውስጥ ከ1887 ጀምሮ ያለውን ፒተር ሉገርን የኒው ዮርክ ታይምሱ ፒት ዌልስ በ2019 አንድም ኮከብ ሳይሰጠው ሲቀር አገሩ ሁሉ ተከራከረ፤ ሰዉ ግን ዛሬም ይጎርፋል። ሐያሲ የሚፈርደው በቀረበለት ሳህን ነው፤ ሥራው ነውና አልነቅፈውም። የራሱን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ግን ሳህኑ ከመምጣቱ በፊት የማወቅ መብት አለው። የቆዳ ወንበር፣ ጨለማ ክፍል፣ የወይን ጠጅ መደርደሪያ ስጋ አያለሰልሱም። የ80 ዶላር ስጋ የሚሸጥ ቤት ስጋውን አውጥቶ ለማሳየት ካፈረ፣ ወይም የሚያውቀው ሰው ከሌለው፣ ለእኔ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ጠረጴዛ ከመያዜ በፊት እደውላለሁ፤ ስጋውን የሚቆርጠው ማነው ብዬ እጠይቃለሁ። ታሽጎ ይመጣል ካሉኝ አመስግኜ እተወዋለሁ። እንዲህ ያለ ጊዜ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ከሚገኝ የሐበሻ ስጋ ቤት ወፍራም ጎድን አስቆርጬ፣ ማታውኑ ጨው ነስንሼ አሳድሬ፣ በጋለ የብረት መጥበሻ ቤቴ እጠብሳለሁ። ትልቁ ነገር ከእሳት መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ነው፤ ከዚያም ሳይቆረጥ ጥቂት ደቂቃ ማረፍ አለበት።

አንድ ቤት ስደውል ግን ስልኩን ያነሣችው ልጅ «ቆይ፣ ራሱን ላገናኝህ» ብላ ለቆራጩ ሰጠችው። ሰውየው እጁ ላይ ያለው ስጋ 28 ቀን እንደቆየ፣ ከየት እንደገዛው፣ የትኛው ወገን እንደሚሻል ሳይቸኩል ነገረኝ። የጋሼ ልጅ ሥራ በያዘች ጊዜ ቅዳሜ ምሳ ላይ ወሰድናት። ቆራጩ ሽርጡን እንደታጠቀ ሁለት ብልት በትሪ ይዞ ወጣ። እሷ ስልኳን አውጥታ አባቷ ጋ በቪዲዮ ደወለች፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። «የቀኙን አይደለም! ግራውን፣ ከአጥንቱ አጠገብ ስብ ያለበትን!» አሉ ጋሼ ከስልኩ ውስጥ እየጮሁ። ቆራጩ ቋንቋውን ባይሰማም ጣቷ ያረፈበትን አየና፣ እሱም ያን እንደሚመርጥ ነግሮን ሊቆርጥ ገባ።