ካሜራ ያላየው ማስነጠስ

ድሮ ንጉሠ ነገሥቱ ግብር ሲያበሉ መጋረጃ ይጋረድ ነበር። እሳቸው በልተው እስኪያበቁ ውጭ ያለው ሰው አያያቸውም፤ መጋረጃው የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። ድሃውም ግምጃ ባይኖረው ነጠላ አያጣም። ጀርባውን ሰጥቶ ይጎርሳል፣ እናት ልጇን በጋቢዋ ከልላ ታጎርሳለች። ቡዳ አለ፣ የሰው ዓይን አለ፣ ምን ይታወቃል።

ያ የጨለማ ዘመን አለፈ፤ ምስጋና ለስልክ ይሁንና። የዛሬው ተመጋቢ ዓይን አይፈራም፣ ዓይን ይለምናል። አዲሱ ስሙ «ቪው» ነው። ሠላሳ ሺህ ዓይን ያላረፈበት ጉርሻ እንደተጎረሰ አይቆጠርም፤ የቡዳ ነገርም በዚሁ ተረስቷል። ሠላሳ ሺህ ቡዳ በአንድ ጊዜ ቢመጣ ደግሞ «ሼር አድርጉኝ» ይባላል።

ልማዱን ያመጡልን ኮሪያውያን ናቸው። «መብላት» እና «ማሰራጨት» የሚሉ ሁለት ቃሎቻቸውን አጋብተው ሙክባንግ አሉት፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ገደማ የተስፋፋውም አፍሪካ ቲቪ ይባል በነበረ የቀጥታ ስርጭት መድረክ ላይ ነው። ስሙ ከአህጉራችን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ እንዲያው ገጠመ። አንድ ሰው ካሜራ ፊት ተቀምጦ የአምስት ሰው ምግብ ብቻውን ይጨርሳል፣ ሌላው ያያል፣ ይከፍላል። ቻይና በ2021 እ.ኤ.አ. የምግብ ብክነት ሕግ አውጥታ ከመጠን በላይ መብላትን የሚያስተዋውቅ ስርጭት እስከ አንድ መቶ ሺህ ዩዋን እንደሚያስቀጣ ደነገገች። እኛ ዘንድ ሕጉ የቆየና ያልተጻፈ ነበር፤ የሚበላ ሰው አጠገቡ ያለፈውን ሁሉ «እንብላ!» ይላል። አላፊውም «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ይሄዳል ወይም እጁን ታጥቦ ይቀርባል። የዘመኑ ጎራሽ ግን በመቶ ሺህ ሰው ፊት ክትፎውን እየዛቀ አንድም ቀን «እንብላ» ሲል አልተሰማም። እሱ የሚለው «ሰብስክራይብ» ነው።

ተራ ጉርሻ ሲሰለች እሳት መጣ። ሳምያንግ የሚባለው የኮሪያ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ቡልዳክ የሚል ፈጣን ኑድል አወጣ፤ ትርጉሙ «እሳት ዶሮ» ነው። የዓለም ወጣት ይህን ኑድል እየበላ፣ እያለቀሰ፣ ንፍጡን እየጠረገ ራሱን ሲቀርጽ ኖረ። የእኛዎቹም አልቀሩም። የፋሲካ ዕለት የእናቱን ዶሮ ወጥ «በጣም ያቃጥላል» ብሎ የገፋው ልጅ በማግሥቱ የውጭውን እሳት ዶሮ በውድ ገዝቶ፣ መብራት አስተካክሎ፣ «ጋይስ፣ ዛሬ ልሞት ነው» እያለ ቀጥታ ስርጭት ይገባል። ያው ዶሮ፣ ያው እሳት፤ የእናቱ ወጥ ግን በፓኬት አልመጣ፣ ማስጠንቀቂያ አልተጻፈበት።

ዴንማርኮች በ2024 እ.ኤ.አ. የዚህን ኑድል ሦስት ዓይነቶች ሰውን ሊመርዙ ይችላሉ ብለው ከገበያ ሰበሰቡ፣ ሳምንታት ቆይተው ደግሞ ሁለቱን መልሰው ፈቀዱ። ኑድሉ ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ አግኝቶ አያውቅም።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፓኪ የሚባል ድርጅት አንዲት ቺፕስ ብቻዋን በሬሳ ሣጥን ቅርጽ በተሠራ ካርቶን አሽጎ ሸጠ። ጨዋታው እሷን በልቶ ውኃም ወተትም ሳይነኩ መቆየት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ የ14 ዓመት ልጅ በልቷት በዚያው ቀን ሞተ። የአስከሬን ምርመራው ልጁ የልብ ችግር እንደነበረበት፣ በብዛት የወሰደው የሚያቃጥል ንጥረ ነገርም በሞቱ ውስጥ እንዳለበት አመለከተ። ቺፕሷ ከመደርደሪያ ወረደች። ቪዲዮዎቹ አልወረዱም።

ይህ ሁሉ ጀግንነት ሲወራ ቆሼ ዝም ብላ በርበሬዋን ታሰጣለች።

ቆሼ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እሱ የሚያውቀው የቆሻሻውን ክምር ነው፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ አሥር በላይ ሰው የጨረሰውን። ስልኩ ላይ «ቆሼ» ብሎ የሚጽፍ ሰውም በመጀመሪያ የሚመጣለት ያው ነው። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቆሼ፣ የማረቆዎች ከተማ፣ በፍለጋው ላይ ሞክሼዋ ቀድሟት ወደ ታች ወርዳለች። ማረቆ በርበሬን ግን የማያውቅ ወጥ ቤት የለም። መርካቶ ላይ ነጋዴ ዛላውን እፍኝ አድርጎ ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርግ «የማረቆ ነው» ካለ ዋጋው ያኔውኑ ይጨምራል። «ማረቆ ፋና» የሚባለው ዝርያ ደግሞ በጥቁር ቀይ ቀለሙና በማቃጠሉ የቅመም መጭመቂያ ፋብሪካ ጭምር የሚፈልገው ነው። በርበሬ ራሱ እንግዳ ተክል ነው፤ ኮሎምበስ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ከአሜሪካ አህጉር የወጣ። ማረቆ መጥቶ ግን ባለ አገር ሆነ።

አሁን አንድ ጥያቄ ለኮንቴንት ፈጣሪዎች ማኅበረሰብ በትሕትና ይቅረብ፤ በዓለም ላይ ረጅሙ የበርበሬ ቻሌንጅ የትኛው ነው? ችግኝ ማፍላት፣ ዝናብ ሲይዝ ማዛመት፣ ሥሩን ከሚያበሰብሰው በሽታ መጠበቅ፣ ቀይ ሲሆን መልቀም፣ ማስጣት፣ ማታ ማንሳት፣ መቀንጠስ፣ ማመስ፣ መውቀጥ። ወራት የሚፈጅ ቻሌንጅ ነው። ተወዳዳሪዋ ሴት ሙቀጫው ላይ ጎንበስ ብላ አሥር ጊዜ ታስነጥሳለች፤ ጎረቤቷ ከደጅ ሆና «ይማርሽ!» ትላታለች፣ «ያኑርሽ!» ትመልሳለች፣ ዘነዘናዋን ታነሳለች። ላይክ የለም። ጊፍት የለም። እንባዋ ግን ከኑድል በላተኛው እንባ ጋር አንድ ኬሚስትሪ ነው።

ኬሚስትሪውን ሳይንስ ደርሶበታል። ዊልበር ስኮቪል የተባለው አሜሪካዊ በ1912 እ.ኤ.አ. በርበሬን በስኳር ውኃ እያቀጠነ፣ ቀማሾች አላቃጠለንም እስኪሉ ድረስ በመቁጠር መለኪያ ሠራ፤ በዚያ መለኪያ «ፔፐር ኤክስ» በ2023 እ.ኤ.አ. ከሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ በላይ ነጥብ ይዞ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዴቪድ ጁሊየስ ደግሞ በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገውን ካፕሳይሲን ይዞ ሙቀት የሚያስታውቀንን የነርቭ በር አገኘና በ2021 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ። በርበሬ የቀነጠሰች እናት እጇን ሳትታጠብ ልጇን እንደማትነካ ቀድሞም ታውቃለች፤ ስቶክሆልም አልተጠራችም እንጂ። የሚያቃጥለው ነገር በውኃ ስለማይሟሟ ውኃ ከንቱ ነው፣ ወተት ይሻላል የሚለውንም ቲክቶከሩ ስድስተኛ ቪዲዮው ላይ ደርሶበታል። ጉራጌ ሚጥሚጣ የነካው ክትፎ አጠገብ አይብ ሲያስቀምጥ የኖረው ለጌጥ መስሎት ነበር።

ስለ ክትፎ ከተነሳ አይቀር፣ የፈጣን ምግብ አድናቂዎችም ድርሻቸውን ይውሰዱ። ፒዛ ሃት በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲከፈት ወጣቱ ካርቶኑን ሳይቀር እየቀረጸ ለጠፈ፤ ከተማዋ ፈጣን ምግብ ያየችው ያን ቀን ይመስል። ክትፎን የሚቀድም ፈጣን ምግብ ከየት ይመጣል? ጥሬው እሳት እንኳ አይጠብቅም። አጃቢው ቆጮ ግን ከእንሰት ነው፤ እንሰቱ ለመድረስ ዓመታት፣ ተፍቆ ጉድጓድ ገብቶ ለመብላላት ደግሞ ወራት ይፈልጋል። አምስት ዓመት የጠበቀ ምግብ በአሥር ደቂቃ ይበላል። ይህን በስልሳ ሰከንድ ቪዲዮ ማሳጠር ችሎታ የሚጠይቅ ነውና ማንም ባይሞክረው አይፈረድበትም።

ፍርሃት ለሚወዱ ደግሞ ከውጭ የማይመጣ ቻሌንጅ አለ። ገበያ ላይ ተፈጭቶ የቆየ በርበሬ ሳይጠይቁ መግዛት። የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ ሲያዝ በዜና ስንት ጊዜ ሰማን! ምስጢሩ በላተኛው ሳያውቅ መወዳደሩ ነው፤ ካርቶን የለው፣ የዕድሜ ገደብ የለው፣ ሕፃን አዋቂ ሳይል ያሳትፋል። በዚህ ውድድር ሸማቹ ጡብ በልቶ ካሜራ ፊት ሳይቀርብ ቀርቷል፤ የሚያሳዝን ብክነት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በተዘጉበት ጊዜ ቪፒኤን ያልነበረው ሰው ለአምስት ወር ያለ ምስክር በላ። የተራበ ግን በዚያ ምክንያት አልነበረም። አንዳንዱ እንዲያውም ምግቡን ትኩሱን በላ ይባላል፤ ወሬ ይሆናል።

እና አንድ ጎበዝ ልጅ ተሳስቶ ቆሼ ቢወርድ ምን ያገኛል? መሬቱ ቀይ ነው፤ ዛላው ጀንዲ ላይ ተዘርግቷል። ስልኩን በእንጨት ሰክቶ፣ ፊቱን በጎን አሳምሮ፣ አንዱን ዛላ ሊነክስ አፉን ይከፍታል። ባለ ቤቷ እያስነጠሱ ከጓዳ ብቅ ይላሉ።

«ተው ልጄ፣ ባዶ ሆድህን! ግባ፣ እንብላ።»

«እሺ እማማ፣ አንዴ ብቻ ልቅረጽ። እስቲ ያንን ማስነጠስ ይድገሙልኝ፤ ቅድም ድምፁ አልገባም።»

እሳቸው ማስነጠስ በትዕዛዝ አይመጣላቸውም። ቆመው ይጠብቁታል፤ ቆጮው ከምጣድ ወጥቷል፣ ጎመን በአይቡ ቀርቧል፣ እሱ ብርሃን ያስተካክላል።