አማቴ፣ ራዲዮናቸውና ስድስቱ አምፖሎች

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን አማቴን ማናገር አይቻልም። የጀርመን ድምፅ ነው። ጣቢያው በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን እሳቸው "ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቀረሁበት ቀን የለም" ይላሉ። ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ እንደነበሩ አላነሳባቸውም።

እኛ ቤት ሊከርሙ በመጡ በሦስተኛው ቀን ራዲዮናቸው "ዝዝዝዝ" ማለት ጀመረ። ዜና አንባቢዋ ቀፎ ውስጥ ገብታ የምታነብ ነው የምትመስለው።

ሁሉም በየፊናው ሐኪም ሆነ። ልጄ "አያቴ፣ ለምን ኤፍ ኤም አትሰሚም?" አለ። አልተሳሳተም፤ ኤፍ ኤም ለእንዲህ ያለ ጩኸት ብዙም ደንታ የለውም። አጭር ሞገድ ግን ድምፅ የሚሸከመው በሞገዱ ጉልበት ከፍና ዝቅ ማለት ስለሆነ፣ መንገድ ላይ ያገኘው ብልጭታ ሁሉ አብሮት ይሳፈራል። አማቴ "ቤቱ ጠበል ይረጭ" አሉ። ባለቤቴ "የምጣዱን ሶኬት እይልኝ ካልኩህ ሦስት ወሬ" አለች፤ ይቺ ሴት ጣሪያ ቢያፈስም የምታነሳው ያንኑ ሶኬት ነው። እኔ "ራዲዮኑ አርጅቷል" አልኩ። ማለት እንዳልነበረብኝ የገባኝ የአማቴን ዐይን ሳይ ነው።

ካቻቢቴዬን አወጣሁ። ካቻቢቴው እቤታችን ስሙ በክፉ ነው የሚነሳው። አምና የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ጎማውን ልቀይር ብዬ፣ ዋናውን መዝጊያ ሳልዘጋ ፈታሁት፤ ውሃው ኮርኒሱን መታው። ከዚያ ወዲህ ካቻቢቴ ስይዝ ባለቤቴ ምንጣፉን ትጠቀልላለች። አሁንም ጠቀለለች። "የራዲዮ ነው እኮ" ብላት "ግዴለም" አለች።

ፍለጋው ከባትሪ ድንጋይ በቀር የሚጠይቀው የለም። ራዲዮኑን ከሶኬት ነቅዬ በድንጋይ አሠራሁትና ብሬከሩን ላወርድ ቆጣሪው ጋ ሄድኩ። ጩኸቱ መብራት ጠፍቶም ከቀጠለ ጥፋቱ የጎረቤት ነው፤ ከልቤ የተመኘሁት ይህንኑ ነበር። አወረድኩት፤ ጭጭ። ዜና አንባቢዋ ከቀፎው ወጣች። ከማድ ቤት ደግሞ ባለቤቴ "እንጀራው!" ብላ ጮኸች፤ ለነገ እንግዳ ስላለብን ማታ እየጋገረች ነበር።

ብሬከሩን መልሼ ራዲዮኑን እንደ ጨቅላ ታቅፌ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። የወጥ ቤቱ ረጅም አምፖል ቾክ "እምምም" ይላል፤ መብራታችን በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የቾኩን ብረት 100 ጊዜ እየሳበ ያንጎራጉረዋል። ራዲዮኑ ግን እሱን ከቁብም አልቆጠረው። የልጄ ቻርጀር ጋ ትንሽ ተነጫነጨ። ሳሎን ገብቼ ወደ ጣሪያው አምፖል ከፍ ሳደርገው አበደ።

አምፖሉን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ መርካቶ፣ ስድስቱን በአንዴ፣ ተከራክሬ። የኤልኢዲ አምፖል ቂጥ ውስጥ 220 ቮልቱን ቆራርጣ የምታሳንስ ትንሽ ሰርኪት አለች፤ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ትበራለች፣ ትጠፋለች። ጩኸቷን የሚያፍን ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር ደህናው አምፖል ውስጥ ይገባል። እኔ በክርክር ያስቀነስኩት ዋጋ የሽቦውና የካፓሲተሩ ኖሯል። ስንት አገር አቋርጦ ደክሞ የመጣ ሞገድ ሁለት ሜትር ላይ ባለች አምፖል ተሸነፈ።

አጠፋኋት። ዝዝዝ ቆመ፤ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ተሰማ። "ጠሽ... ጠሽ ጠሽ..."። እየተከተልኩት ሄጄ ራሴን ያገኘሁት ማድ ቤት፣ የምጣዱ ሶኬት ፊት ነው። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ይህ ከመናገር ይብሳል።

ብሬከሩን አውርጄ ስነቅለው የአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ከሰል መስሏል፤ ፕላስቲኩ እንደ ሻማ ቀልጦ ተሸብሽቧል። ውስጥ ሽቦውን የያዘችው ብሎን በጣት ትዞራለች። ምጣዳችን 3,500 ዋት ነው፤ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። የላላች ብሎን ግማሽ ኦም ብቻ ብትጨምር፣ አተር በምታህል ቦታ ላይ 120 ዋት ገደማ ሙቀት ይከማቻል። ሦስት ወር ሙሉ ሁለት ምጣድ ነበረን ማለት ነው፤ አንዱ ግድግዳ ውስጥ።

ካቻቢቴውን መለስኩና ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። በማግስቱ መጥቶ ከፍቶ አየና "ይሄን ማነው የገጠመው?" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ሶኬቱ ሲገጠም ያልተወለደው ልጄ ሳይቀር።

ሶኬቱ ተቀየረ። አምፖሎቹን ባለቤቴ "ጣላቸው" ብትልም ገንዘብ ናቸውና አልጣልኩም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤቱ በሙሉ ይጨልማል፤ አማቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ራዲዮናቸው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ እኛም ዙሪያቸውን። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤታችን በሩን አንኳኩቶ "እናንተ ጋ ብቻ ነው እንዴ መብራት የጠፋው?" ሲል፣ አማቴ ከጨለማው ውስጥ፣

"ዜና ነው፤ ዝም ብለህ ግባ" አሉት።