ግማሽ ሰዓት በሃምሳ ሳንቲም፦ የጋዜጣ ኪራይ የሕይወት ታሪክ

ክቡራን ለቀስተኞች፣ ውድ የእድር አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ከሁሉ በፊት የቆማችሁ ተቀመጡልኝ። ሟች በሕይወት ሳለ ሰው ቆሞ ሲያነብ አይወድም ነበር። «የቆመ ሰው አርዕስቱን ለቃቅሞ ይሄዳል እንጂ አይከፍልም» ይል ነበር።

በመዝገብ ቤት 33 ዓመት ስሠራ የብዙ ሰው ፋይል ከፍቼ የብዙ ሰው ፋይል ዘግቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ «ጋሼ፣ የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ያምራል» እየተባልኩ በሰፈራችን የሚሞተውን ሁሉ የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። የዛሬውንም እንደ ወጉ አነባለሁ።

ሟች ጋዜጣ ኪራይ ከአባቱ ከአቶ ወሬ ጥማቱ እና ከእናቱ ከወይዘሮ ሳንቲም አነሰች በአዲስ አበባ ከተማ ተወለደ። የልደት ቀኑን የሚያውቅ የለም፤ ክርስትና ያነሳው ሰውም አልተገኘም። እኔ ግን የዘር ሐረጉን ወደ ላይ ስቆጥረው አፄ ምኒልክ ግቢ እደርሳለሁ። በዚያ ዘመን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ነበር የሚወጣው። ሃያ አራት! የዛሬ እድራችን የስብሰባ ጥሪ እንኳ ከዚያ በላይ ይባዛል። እንግዲህ አንዱ አንብቦ ለሌላው ካላሳለፈ በቀር ያ ሁሉ መኳንንት እንዴት ይዳረስ ነበር? ስለዚህ አንድን ጋዜጣ ለብዙ ዓይን ማካፈል ከጋዜጣው ጋር መንትያ ሆኖ የተወለደ ነገር ነው። ልዩነቱ መኳንንቱ ሃምሳ ሳንቲም አለመክፈላቸው ነው።

ሟች ያደገው አራት ኪሎ ነው። ቦታውን ሲመርጥ አልተሳሳተም። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እዚያው ሰፈር ስለሆነ ጋዜጣው ቀለሙ ሳይደርቅ ይደርሰው ነበር። የአደባባዩ የመዝገብ ስም በጣሊያን ላይ በተገኘው ድል ቀን ሚያዝያ 27 ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣም ስሙን ያገኘው ከዚያው ድል ሲሆን፣ መውጣት የጀመረው ንጉሡ በተመለሱ በወሩ ግድም፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ጋዜጣውን በግማሽ ሰዓት ይሰጠን የነበረው አከራያችን ይህን ታሪክ ያውቅ አያውቅ እንጃ፤ እሱ የሚያውቀው የድል ሐውልቱ ጥላ ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደሚዞር ነበር።

በደርግ ጊዜ ሟች ገና እንጭጭ ነበር። «አዲስ ዘመን»፣ «የዛሬይቱ ኢትዮጵያ» እና «ሠርቶ አደር» ነበሩ፤ አንዱን ያነበበ ሁሉንም አንብቧልና ሁለተኛውን ማን ይከራያል? ጉልምስናው የመጣው ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ በኋላ ነው። ጋዜጣው እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈላ። ሁሉም «እውነቱ እኔ ጋ ነው» ይላል። የእኔ ደሞዝ ግን ባለበት ቆመ። ስድስት እውነት በየሳምንቱ ገዝቶ ልጅ ማሳደግ አይቻልም። ሟች ያኔ ደረሰልን። እውነት በግማሽ ሰዓት ሲከራይ ስድስቱንም መቅመስ ይቻላል።

አሁን ወደ ጠባዩ ልግባ። ሟች ቢሮ አልነበረውም። አንድ ሸራ፣ ነፋስ ጋዜጣውን እንዳይወስድበት የሚጭናቸው ስምንት ዘጠኝ ጠጠሮች፣ ለዝናብ የሚሆን ላስቲክ፣ ለደንበኛ መቀመጫ የሚሆን የግንብ ጠርዝ፤ ሀብቱ ይኸው ነበር። በእኔ ጊዜ ዋጋው ከሃያ አምስት ሳንቲም ወደ ሃምሳ፣ ከሃምሳ ወደ ብር እያለ ወጣ። ቅዳሜ አዲስ አድማስ፣ ረቡዕና እሁድ ሪፖርተር፣ ቀን በቀን አዲስ ዘመን። ሥራ ፈላጊው ከኋላ ገጽ ይጀምራል፣ ጎረምሳው ከስፖርት። እኔ ከሞት ማስታወቂያ እጀምርና ስሜ እዚያ አለመኖሩን ካረጋገጥኩ በኋላ ወደ ፖለቲካው እሄዳለሁ።

አከራያችን የእጅ ሰዓት አልነበረውም። ሰዓቱ ግንባሩ ውስጥ ነው። ሃያ ሰው በሃያ ጋዜጣ ተቀምጦ፣ ማን መቼ እንደጀመረ አይጠፋውም። ልክ ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ፣ ዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ሊደርስ ሲል፣ «ጋሼ፣ ሰዓት!» ይላል።

«አንተ ልጅ፣ አንዲት አንቀጽ ናት የቀረችኝ።»

«ጋሼ፣ ትናንትም አንዲት አንቀጽ ነበረች።»

ይህ ልጅ ዳኛ ቢሆን ኖሮ መዝገብ አይከማችም ነበር። ይኸው «ሰዓት!» የሚለው ቃል ግን እኔን አንባቢ አድርጎኛል። ሠላሳ ደቂቃ አለህ ከተባልክ አትዛጋም፤ ዓይንህ መስመር አይስትም። ቢሮ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብቤ የማይገባኝ ሰውዬ፣ እዚያ ግንብ ጠርዝ ላይ የበጀት ንግግር በአንድ ትንፋሽ እጨርስ ነበር።

ሕጎችም ነበሩት። አንደኛው፣ ጋዜጣው ላይ እስክሪብቶ ማሳረፍ ክልክል ነው። የቃላት እንቆቅልሹን አግድምም ቁልቁልም የምንሞላው በጣት፣ አየር ላይ ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አጠገቤ ተቀምጠው ጣታቸውን ሲያወናጭፉ ያየ አንድ መንገደኛ፣ ሰውዬው እየጸለዩ መስሎት ቆቡን አውልቆ አልፏል። ሁለተኛው፣ ጋዜጣ ምላጭ አያውቅም። ይህኛው ሕግ ግን ይጣስ ነበር። አንድ ቀን «ሳይገናኙ የቀሩት ወንድማማቾች» ዓይነት ልብ የሚሰቅል እውነተኛ ታሪክ እያነበብኩ ገጹን ብገልጥ፣ መጨረሻው ባለበት ቦታ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው መስኮት ተከፍቷል። በመስኮቱ ማዶ ሊስትሮው ሲስቅ ይታየኛል። ለካ በጀርባው «ክፍት የሥራ ቦታ» ነበር፤ አንዱ በምላጭ ቆርጦ ወስዶታል። ያ ሰው ሥራውን ማግኘቱን እንጃ። እኔ ግን ወንድማማቾቹ ይገናኙ አይገናኙ እስከዛሬ አላወቅሁም።

ጋዜጣው የኪራይ ዕድሜው ካለቀ በኋላ እንኳ ጥቅም ነበረው። አርባ ሰው ያነበበው ጋዜጣ በኪሎ ለባለሱቅ ይሸጣል። በነጋታው ቆሎ ስገዛ የትናንቱ ርዕሰ አንቀጽ ተጠቅልሎ ይመጣልኛል። ቆሎውን በልቼ ወረቀቱን ዘርግቼ የቀረችኝን አንዲት አንቀጽ እፈልጋለሁ። ይህን አከራያችን ቢሰማ ባለሱቁን ኪራይ ይጠይቀው ነበር።

የሟች የክብር ዘመን 1997 ዓ.ም. ነው። የምርጫው ሰሞን ግንብ ጠርዙ አልበቃ ብሎ ሰው መሬት ላይ ድንጋይ እያነጠፈ ይቀመጥ ነበር። እዚህ የገዢው ፓርቲ ደጋፊ፣ እዚያ የተቃዋሚው። ጋዜጣው ጥቂት፣ ሰዓቱ ሠላሳ ደቂቃ፣ ስለዚህ የግድ ትለዋወጣለህ። የማትወደውን ጋዜጣ ተራ ጠብቀህ፣ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለህ ታነባለህ፤ ከዚያ አንብቦ ከሰጠህ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ትተያያለህ። ሰው የጠላውን ነገር በገንዘቡ እንዲያነብ ያደረገ ከሟች ሌላ አላየሁም።

ስለ ሕመሙ አጭር ልበል፤ ሕመም ሲያወሩት ይጋባልና። ሟች መጀመሪያ የታመመው በ1998 ዓ.ም. ነው። ምርጫውን ተከትሎ ከመጣው የጥቅምት ግርግር በኋላ ብዙዎቹ የግል ጋዜጦች ጠፉ፣ አዘጋጆቻቸውም ታሰሩ፤ ሸራው ላይ ከጋዜጣ ይልቅ ጠጠር በዛ። ትንሽ ሊያገግም ሲል «አዲስ ነገር» ጋዜጣ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ቆመ። ከዚያ የወረቀት ዋጋ ደም ብዛት ሆነበት። ቀጥሎ ስልክ መጣ፤ ጎረምሳው የማንቸስተርን ውጤት ለማየት ተራ መጠበቅ ተወ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ፣ አርባ እጅ የነካው ወረቀት እንደ መርዝ ታየ። የመጨረሻው የኮሪደር ልማቱ ነው። ግንብ ጠርዙ ተነሳ፤ የሚያምር የእግረኛ መንገድ ተነጠፈ፣ መብራት ተተከለ። መንገዱን አልወቅስም፤ ለጉልበቴ ደህና ነው። ብቻ ጋዜጣ ዘርግቶ ጠጠር የሚጭንበት ቦታ ጠፋ፤ ጠጠሩም ራሱ ጠፋ። አንዳንድ ዘመዶቹ እዚህም እዚያም ይታያሉ ይባላል፤ ካሉ እግዜር ያጥናቸው።

ሟች ልጅ አልወለደም። ወራሽ ነኝ ባዩ የእህቱ ልጅ ቴሌግራም ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ያስነብብህና ማታ ሚስትህ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትልህ አፍህን ትይዛለህ።

ለቀስተኞች ሆይ፤ እዚህ ላይ ሙሾ አውራጅ ብትኖር ኖሮ «ማን ገደለብን?» ትል ነበር። መልሱን ልንገራችሁ፤ እናንተ ባትናገሩትም መዝገብ ቤት ሠርቻለሁና ፋይል አላዛባም። አሳታሚዎቹ በየጊዜው ሲያማርሩ ሰምተናል። «አንድ ጋዜጣ ሸጠን አርባ ሰው ካነበበው ማን ይገዛናል?» ይሉ ነበር። እኛም «ስስታሞች» ብለን ሳቅንባቸው። እኔ በሕይወት ዘመኔ በገንዘቤ የገዛኋቸው ጋዜጦች የእጄን ጣቶች አይሞሉም። ጋዜጣው በእኛ ሃምሳ ሳንቲም አልኖረም፤ ሟችም ያለ ጋዜጣው መኖር አልቻለም። ስለዚህ ዛሬ ሬሳ ሸኚውም ገዳዩም አንድ ላይ ቆመናል። ደረት መምታቱ ይቅርብን፤ ድምፁ ይታወቅብናል።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሲቀብሩ አንድ የምወድላቸው ወግ አለ። ሟቹን ከመሸኘታቸው በፊት «ከሟች ላይ ዕዳ ያለው ይናገር» ይላሉ። እኔ ዛሬ ነገሩን ገልብጬ እናገራለሁ። ሟች የማንም ዕዳ የለበትም። የእሱ ዕዳ ያለብኝ እኔ ነኝ።

ሐምሌ 1997 ዓ.ም. ነው። በምሳ ሰዓት ከቢሮ ወጥቼ አንድ ጋዜጣ ተከራይቼ ተቀምጫለሁ። ሰማዩ ድንገት ተቀደደ። አከራያችን ላስቲኩን ይዞ ወደ ሸራው፣ እኛ ወደየበረንዳው ሮጥን። እኔ ጋዜጣውን በኮቴ ስር ደብቄ ስሮጥ ራሴን ቢሮ በር ላይ አገኘሁት። ነገ እመልሳለሁ አልኩ። በነጋታው አፈርኩ። በሦስተኛው ቀን በሌላ መንገድ ሄድኩ። ከሳምንት በኋላ ብመለስ አከራያችን ምንም አላለኝም፤ ወይ ረስቶታል ወይ ንቆኛል። ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ አነበብኩ፤ አንድም ቀን አልነገርኩትም።

ትናንት ማታ ሂሳቡን ሠራሁት። ግማሽ ሰዓት በሃምሳ ሳንቲም ማለት በሰዓት አንድ ብር፣ በቀን 24 ብር ነው። በዓመት 8,760 ብር። እስከ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ድረስ ለሃያ ዓመት 175,200 ብር፤ የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ሳልቆጥር። የጡረታ አበሌ ይህን ሊከፍል የሚችለው ሁለተኛ ጡረታ ከወጣሁ ነው።

ጋዜጣው ዛሬም አለኝ። ባለቤቴ በላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጣልኛለች። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ዝናቡ የነካው ጥግ ተጣብቋል። የሰጠኝን ሠላሳ ደቂቃ ሳልጨርስ ነበርና የሮጥኩት፣ አንድ ረጅም ሐተታ መሃሉ ላይ ቀርቶብኛል። ጊዜ ስላለኝ ብዙ ቀን አውርጄ ጀምሬዋለሁ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ፣ ሻይ አስቀርቤ፣ መነጽሬን ጠርጌ፤ ሁለት አንቀጽ ሄጄ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ አልጨረስኩትም።

«ጋሼ፣ ሰዓት!» የሚለኝ ሰው የለማ።

ነፍስ ይማር።