አልከፈት ያለ የመኪና በርን ጨርሶ የማበላሸት ዘዴ

አልከፈት ያለ የመኪና በርን ለዘለቄታው ማበላሸት የሚፈልግ ሰው ከእጀታው ይጀምር። ምን እንደያዘው ሳይመረምር፣ አንድ እግሩን መኪናው ላይ ደግፎ በሙሉ ጉልበቱ ይሳብ። የብዙ መኪኖች እጀታ ፕላስቲክ ነው፤ ከበሩ ውስጥ እጀታውን ከመቆለፊያው ጋር የሚያገናኘው ዘንግም የተያዘው በትንሽ የፕላስቲክ ማያያዣ ነው። አንዱ ይሰበራል፣ ወይም ሌላው ይላቀቃል። ከዚያ ወዲያ የመጀመሪያው ችግር ቢወገድ እንኳ በሩን ከውጭ የሚከፍተው ነገር የለም። በደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም ደግሞ ያቺ ማያያዣ በአቅራቢያ ካልተገኘች ደሴ ድረስ ማስፈለግ ይመጣል፤ መኪናው እስከዚያ አንድ በር ጎድሎት ይሠራል።

ብርዱም ለማበላሸት ይመቻል። በኅዳርና በታኅሣሥ የጉጉፍቱና የለጋምቦ ደጋ አመዳይ ለብሶ ሲያነጋ፣ ማታ የታጠበ መኪና የበሩ ጎማ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ሊያድር ይችላል። በሩን የሚጠላ ሰው ያን ጊዜ የፈላ ውሃ አምጥቶ መስኮቱ ላይ ይድፋ። የበር መስተዋት ሲሰበር ተሰንጥቆ አይቀርም፣ ሙሉ በሙሉ ይረግፋል። መስተዋቱ ቢተርፍም ውሃው ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ በማግስቱ ጠዋት በረዶ ይሆናል። በሩን የሚፈልግ ሰው ግን በመዳፉ ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ ያደርገዋል፤ በረዶው ይሰባበርና ጎማው ይለቃል። ቁልፉን በእጁ አሙቆ ያስገባል። ፀሐይ እስክትወጣ መታገሥም ያዋጣል።

አቧራው ግን ከብርዱ የከፋ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ ወይም ወደ አጅባር በበጋ የሚመላለስ መኪና የመንገዱን አቧራ በበሩ ጠርዝ በኩል ወደ መቆለፊያው ያስገባል። መቆለፊያው በሩ ሲዘጋ ምሰሶው ላይ ያለውን ብረት የሚነክሰው ክፍል ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ግሪስ በዓመታት ይደርቃል፤ አቧራ ሲቀላቀለው እንደ ሸክላ ይጠጥራል፤ ነካሹ ብረት በሞላው ኃይል ወደ ቦታው መመለስ ያቅተዋል። ይህን በር ለመግደል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይበቃል። በየጋራዡ ይገኛል፣ በሩም ምናልባት እዚያው ይከፈታል። ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ዘይቱ የሚቀጥለውን አቧራ ሁሉ ይዞ ያስቀራል፣ መቆለፊያውም ከበፊቱ ብሶ ይደርቃል። ትክክለኛው ሥራ አድካሚ ነው፤ አሮጌውን ግሪስ በማላቀቂያ ፈሳሽ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ አዲስ ግሪስ በስሱ መቀባት። ለቁልፍ ቀዳዳው ግሪስም አይሆንም፤ ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ይሻለዋል። ለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ የነፈገ ባለመኪና በኋላ ሙሉ መቆለፊያ ይገዛል።

ካቻቢቴና ሽቦም አሉ። ካቻቢቴው በበሩና በምሰሶው መካከል ሲገባ ላሜራው ይጎብጣል፤ በሩ ቢከፈት እንኳ ከዚያ በኋላ ነፋስና አቧራ ያስገባል። በመስኮቱ ጎማ በኩል የሚወርደው ሽቦ ደግሞ የመስኮት ሞተሩን የኤሌክትሪክ መስመርና ውሃ የሚከላከለውን ሽፋን ይቀድዳል።

ይህን ሁሉ ከማድረግ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። በሩ ከውጭ እየተከፈተ ከውስጥ እምቢ ካለ፣ የልጆች መቆለፊያው ተጠምዶ ይሆናል፤ ማጥፊያው በኋላው በር ጠርዝ ላይ ስለሆነ በሩን ከውጭ ከፍቶ ወደ ቦታው መመለስ ብቻ ነው። ሁሉም በሮች በአንዴ ዝም ካሉ ባትሪው ወይም ቫልቮላው ይታይ፤ የሹፌሩን በር በቁልፉ መክፈት ይቻላል። አንዱ በር ብቻ ከሆነና ሴንተር ሎኩ ሲነካ ድምፁ ከተሰማ፣ አንድ ሰው በሩን ወደ ውስጥ ይግፋ፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት እጀታውን በዝግታ ይሳብ። የበሩ ጫና ከነካሹ ብረት ላይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ እየበዙ በመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ እጀታው ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አለ፤ ባለቤቱ የድንገተኛ መክፈቻው የት እንዳለ ዛሬውኑ ፈልጎ ይወቅ፣ ለቤተሰቡም ያሳይ።

ሕፃን ውስጥ ተቆልፎ ከቀረ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር የለም። የደጋው አየር ቀዝቃዛ ነው ተብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ውጭው 20 ዲግሪ ገደማ ቢሆን እንኳ በፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ወደ 30 ዲግሪ ይደርሳል። ከልጁ የራቀውን የጎን መስኮት ጥግ ላይ መትቶ መስበር ነው። የመስተዋት ዋጋ ያን ጊዜ አይታሰብም።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝ በሩን እንደተበላሸ ትቶ ሥራ መቀጠል ነው። የአባዱላ ሚኒባስ ተንሸራታች በር ከውስጥ አልከፈት ሲል ረዳቱ ወርዶ ከውጭ ይከፍታል፤ ተሳፋሪው ይለምደዋል፤ ሹፌሩም መበላሸቱን ይረሳል። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን የሚሄደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ መኪና ቢገለበጥ ወይም እሳት ቢነሣ ከውጭ የሚከፍት ረዳት አይኖርም። ስለዚህ የሚሳፈር ሰው ከመቀመጡ በፊት «በሩ ከውስጥ ይከፈታል?» ብሎ ይጠይቅ፤ በሩን ዘግቶም ራሱ ይሞክረው። ካልተከፈተ ይውረድ፤ የከፈለው ካለም ሒሳቡን ይቀበል።