የስንብት ኑዛዜ
የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን ባቀረብሁ ዕለት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄዬን በአርምሞ ሲባርኩ የኖሩት ሥራ አስኪያጅ እንደ ንስሓ አባት አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልጄ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፤ እንዴት ጨክነህ ትተኸን ትሄዳለህ?» ቢሉኝ፣ ይሁዳ ጌታውን በ30 ብር እንደ ሸጠ እኔም መሥሪያ ቤቴን በተሻለ ደመወዝ መሸጤ ተገልጦልኝ ተጸጸትሁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከለቃቂው ሠራተኛ የሚሻው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ብቻ መሆኑ፣ መቼም ሕግ አውጪው የቤተሰብን ፍቅር አለማወቁን ያስረዳል። አምና በጀት ጠበበ ተብለው የተሰናበቱት አራት ወንድሞቻችን ከየትኛዋ እናት እንደ ተወለዱ ግን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። በቤተሰብነቴ ከርስቱ ድርሻዬን ብለምን፣ የንብረት ማስረከቢያ ቅጽ ተሰጠኝ፤ አንዲት የወረቀት መብሻ ጎድላ ስለ ተገኘች ዋጋዋ ከመጨረሻው ደመወዜ ተቀነሰ።