ሐተታ በእንተ ፀጉር ወመነጽር

ፀጉርና መነጽር በአንድ ራስ ላይ አብረው እንዲኖሩ የተፈረደባቸው፣ ነገር ግን ተማክረው የማያውቁ ሁለት ወገኖች ናቸው። የአንዱ ጉዳይ የሚታየው በፀጉር ቤት ነው፤ የሌላው በመነጽር ቤት። ባለሙያዎቹም አይተዋወቁም። ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን ከማንሣቱ በፊት መነጽሩን አስወልቆ ከአልኮሉና ከማበጠሪያው መካከል ያጋድመዋል። መነጽር ሻጩ በበኩሉ ለደንበኛው የሚያቀርባት መስታወት ከቅንድብ በላይ ያለውን አታሳይም። ይህ ሐተታ ሁለቱን ወገኖች ለሽምግልና ለማስቀመጥ የቀረበ ነው።

ጠቡ የቆየ አይደለም። መነጽር በ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በጣሊያን ሲሠራ ክንድ አልነበረውም፤ አፍንጫ ላይ ተቆንጥጦ ወይም በእጅ ተይዞ ይነበብበት ነበር። ጆሮ ድረስ የሚደርስ ክንድ ለማውጣት ከአራት መቶ ዓመት በላይ ፈጀበት። በዚያ ሁሉ ዘመን ፀጉርና መነጽር አልተጣሉም፤ መቼ ተገናኝተው! በ18ኛው መቶ ዘመን ባለሙያዎች ክንድ ሲያበጁለት ግን የአውሮፓ ጨዋ ሁሉ ትልልቅ ሰው ሠራሽ ፀጉር ይደፋ ነበር። ስለዚህ የክንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ ከማጠፍ ይልቅ ቀለበት አበጁለትና ከተደፋው ፀጉር ሥር ገብቶ ጆሮ ግንድ ላይ እንዲጫን አደረጉት። በመጀመሪያው ግጭት መነጽር አጎነበሰ፤ ፀጉር አሸነፈ።

በእኛ አገር ፀጉር ያለ መነጽር እርዳታ ሥራውን በሚገባ ይሠራ ነበር። ባለ ቁንጮው ወንድ ልጅ፣ ባለ ጋሜዋ ልጃገረድ ዕድሜያቸው ሳይጠየቅ ይታወቅ ነበር። አፄ ቴዎድሮስን በሥዕል ስናያቸው ሹሩባቸው ወደ ኋላ ተጎንጉኗል። መነጽር የሚያደርጉ ቢሆን ኖሮ፣ ክንዱ ከጉንጉኑ በላይ ይሁን ወይስ በታች የሚለው ጥያቄ ለመኳንንቱ መቅረቡ አይቀርም ነበር። ጥያቄው ዛሬም አልተፈታም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ለዚህ ጥናት ሲባል የወንድ ፀጉር በሦስት ይመደባል፤ ያለ፣ ሊሄድ የተነሣ እና የሄደ። የሄደው ቀላል ነው። ራሰ በራ ሰው ወፍራም ጥቁር ፍሬም ሲያደርግ፣ ከራሱ ላይ የጠፋው ጥቁረት ፊቱ ላይ ይገኝለታል፤ ሒሳቡ ተዘጋ። ሊሄድ የተነሣው ባለቤት ለምክር አይመችም፤ የሚሄድ መሆኑን አላመነም። ያለው ፀጉር ደግሞ ምሳሌው ፓትሪስ ሉሙምባ ናቸው። ላዩ ወፍራምና ጥቁር፣ ታቹ ስስ የሆነ ፍሬም፤ በጎን በኩል ጥርት ባለ መስመር የተከፈለ ፀጉር። ቅንድቡ፣ ፍሬሙና የፀጉሩ መስመር በአንድ እጅ የተሰመሩ ይመስላሉ። ማልኮም ኤክስ ያደርጉት የነበረውም የዚያው ዓይነት ፍሬም ነው። በእኛ በ1960ዎቹ የተማሪ ፎቶዎች ላይ የሚታየው ጎፈሬ ግን ለብቻው መደብ ነው፤ ክንዱ እዚያ ውስጥ ገብቶ ስለሚጠፋ መነጽሩን የያዘው ጆሮ ይሁን ፀጉር በዓይን አይለይም። ሚዶ የሚሰካበት ጎፈሬ መነጽር ቢሸከም አይገርምም።

ወደ ፍሬ ነገሩ ስንገባ፣ ተገቢውን ትኩረት ያላገኘ አንድ ሐቅ አለ። መነጽር የሚያደርግ ሰው ፀጉሩን የሚያስተካክለው መነጽሩን አውልቆ ነው። አዲስ መነጽር የሚመርጠውም መነጽሩን አውልቆ ነው። መደርደሪያው ላይ በተደረደሩት ፍሬሞች የተገጠመው ባዶ ፕላስቲክ ነው፤ ቁጥር የለውም። እናም ዓይኑ የሩቁን የማያይለት ሰው አዲስ ፍሬም አጥልቆ መስታወት ፊት ሲቆም የሚያየው ራሱን የሚመስል ጭጋግ ነው። በዚህ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ለዓመታት የሚኖርበትን ፊት ይወስናል።

የፀጉር ቤቱ ሥርዓት በተለይ ሰፋ ያለ ሐተታ ይገባዋል። ደንበኛው ይቀመጣል፤ ጨርቁ አንገቱ ላይ ይታሰራል፤ እጆቹ ከሥር ይቀራሉ። «እንደ በፊቱ ነው ጋሼ?» ይባላል። «አዎ፣ ጎንና ጎኑን ቀነስ፤ ላዩን ተወው» ይላል። ግድግዳው ላይ ቁጥር የተሰጣቸው ቆንጆ ቆንጆ ወጣቶች ተለጥፈዋል፤ አንዳቸውም መነጽር አላደረጉም። ደንበኛው ስለማያያቸው አይቀየምም። ከዚያ በኋላ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ጥቁር ነገር በጨርቁ ላይ ይወርዳል፤ ሽበት ካለም አይለይም፤ ይህ የሥርዓቱ ብቸኛ በጎ ጎን ነው። ሲያልቅ አስተካካዩ ትንሽ መስታወት ይዞ ከኋላ ይቆማል። ደንበኛው ወደ ፊት ያያል፤ እዚያ መስታወት ውስጥ ሌላ መስታወት አለ፤ በእሱም ውስጥ ማጅራት እንዳለ ይታመናል። በዚህ ጊዜ ደንበኛው ራሱን ይነቀንቃል።

ይህን ንቅናቄ እንደ አንድምታ ሊቃውንት ካልፈቱት አይፈታም። «ራሱን ነቀነቀ»፤ ምነው ነቀነቀ ቢሉ፣ አንድም «አምሮልኛል» ሲል ነው። ይህ ግን አይጸናም፤ ያላዩት አያምርምና። አንድም መስታወት ይዞ ለቆመው ልጅ አዝኖ ነው። አንድም ወረፋ ይዘው የተቀመጡትን አፍሮ ነው። አንድም «የተቆረጠ አይቀጠል፣ ብናገር ምን ላተርፍ» ብሎ ነው። አንድም ጭራሽ አልነቀነቀም፤ አንገቱ ውስጥ የገባው ፀጉር በልቶት ነው።

ከነቅናቂዎች መካከል እጅግ የረቀቀው ወገን፣ አለማየቱ እንዳይታወቅበት አስተያየት የሚሰጠው ነው። ዓይኑን ጠበብ ያደርግና «እዚህ ጋ ትንሽ ነካ አድርጋት» ይላል። «እዚህ ጋ» ያለውን በአገጩ ስለሚጠቁም፣ ቦታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለውን ሁሉ ያካትታል። ብልህ አስተካካይ አይከራከርም። ቶንዶሱን ያስነሣል፤ ከጆሮው አጠገብ አየሩን ይከረክማል፤ እፍ ይላል፤ መስታወቱን ደግሞ ያሳያል። ደንበኛው አሁን ሁለት ጊዜ ይነቀንቃል። «አየህ? አሁን ሌላ ሆነ» ይላል። አስተካካዩም «ልክ ነህ ጋሼ፣ አምልጣኝ ነበር» ይለዋል። በዚህች ከተማ እንዲህ ያለ መከባበር የቀረው እዚህ ወንበር ላይ ነው።

ጨርቁን ገልጦ እጁን በማውጣት «መነጽሬን አቀብለኝ» የሚል ደፋር አልፎ አልፎ ያጋጥማል። አድርጎ ያያል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ወደ ሌላ ፀጉር ቤት የሚዛወሩ ደንበኞች በአብዛኛው ከዚህ መደብ የወጡ ናቸው።

በመነጽር ቤት ደግሞ ዓይን ተበድሮ መሄድ የተለመደ ነው። እናት ከተወሰደች ምርጫው ይቀራል፤ «ያለሱ ነው የምታምረው፤ አታዘውትረው፣ ዓይንህ ይለምደዋል» ትላለች። ጓደኛ ከተወሰደ እያንዳንዱን ፍሬም ከአንድ የሰፈር ሰው ጋር ያመሳስላል፤ ከዚያ በኋላ ያ ፍሬም አይገዛም። ሻጩ ለሁሉም «ላንተ የተሠራ ነው» ይላል፤ እንዳለመታደል ሆኖ ከሦስቱ ፊትን ከሞያ አንጻር የሚያይ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሹሩባው ጥያቄ። የላይኞች ወገን ክንዱ ከጉንጉኑ ላይ ይለፍ ይላል፤ የታችኞች ወገን ይግባ ይላል። እህቴ ታችኛ ናት፤ ክንዱን በጉንጉኖቹ መሐል እንደ መርፌ ታሾልከዋለች። ችግሩ አዲስ ሹሩባ በተሠራ ሰሞን የጆሮ ግንዱ ውፍረት ይለወጣል። በሹሩባ ሳምንት የተስተካከለ ፍሬም ሹሩባው ሲፈታ አፍንጫ ላይ ይንሸራተታል፤ ፀጉር ተለቆ ሳለ የተስተካከለው ደግሞ ሹሩባ ሲመጣ ይቆነጥጣል። ከነመነጽር ካስክ ውስጥ መግባት መፍትሔ ይመስል ነበር፤ የፕላስቲክ ፍሬም ሲሞቅ ይለሰልሳልና፤ መነጽር ቤትም የሚያጎብጡት አሙቀው ነው። ነገር ግን ካስክ ማለስለስ እንጂ ማስተካከል አይችልም። ከዚያ የወጣ ፍሬም አንዱ ክንድ የላይኞችን፣ አንዱ የታችኞችን ወገን ይደግፋል።

በዚህ ላይ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ፍሬም አያድግም። ስለዚህ ሁለቱ ቢስማሙ እንኳ ስምምነቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚዘልቅ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥትም ቢሆን ወገን ለይቷል፤ ከጥቅምት 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለቪዛ በሚቀርብ ፎቶ ላይ መነጽር ከልክሏል፤ ፀጉርን አልከለከለም። ዲቪ የሚሞላ ሰው ዓመቱን ሙሉ በሚታወቅበት ፊት ሳይሆን ፀጉር ቤት ወንበር ላይ በነበረው ፊት ነው የሚወዳደረው።

የሚቀጥለው ክፍል ስለ ፂም እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሠንጠረዡን ጀምሬ ሦስቱን የፀጉር መደቦች በፍሬሙ ዓይነትና በፂሙ ርዝመት ሳባዛ፣ ሪዝን ሳይጨምር ወረቀቱ አልበቃ አለ። ተነሥቼ ተላጨሁ።