ይድረስ ለወንጂ፦ ስለ ምሳ ዕቃው ጉዳይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለእታለም፤

የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? አባባስ ከሬዲዮናቸው ጋር ታረቁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆቱም ቢሆን የሚመጣው እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን ሥራ ላይ ስለሆንኩ አያገኘኝም።

ደብዳቤውን ለቤቱ ሁሉ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢ ስለማውቅ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ «እማዬ አትስማ» ብዬ ጽፌአለሁ። እዚያ ስትደርሺ ሳል እንደያዘው ሰው ሁኚና ዝለዪው። እንደ ባለፈው ግን «እዚህ ጋ እማዬ አትስማ ይላል» ብለሽ እንዳታነቢ።

አሜሪካ ምን ሆንክ ላልሽኝ፣ ምሳ ዕቃ አሳሪ ሆኛለሁ። ሳቂ፣ ጨርሺና እንቀጥላለን። ምራታችሁ የሌሊት ፈረቃ ስለገባች ማሙሽን አልብሼ፣ ምሳውን ቋጥሬ ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው፤ ሽሮ ሲገነፍል ዐይቶ «እታለም፣ ድስቱ ተቆጣ» ያለው ወንድምሽ።

ምሳ ማሰር ስልሽ ፍርፍር ጠቅጥቆ ክዳኑን በላስቲክ መወጠር እንዳይመስልሽ። ኦቾሎኒ ክልክል ነው፤ የማይስማማው ልጅ አለ። ማካፈልም ክልክል ነው። ማሙሽ አንድ ቀን ጎኑ የተቀመጠውን ልጅ አጉርሶ ኖሮ፣ «ልጅዎ ምግብ በእጁ አንሥቶ የሌላ ተማሪ አፍ ውስጥ ከቷል» የሚል ወረቀት መጣልኝ። ይህን ለእማዬ የምስጋና ደብዳቤ ነው ብለሽ አንብቢላት።

ከሁሉ የባሰው ግን የጣፋጩ ነገር ነው። እዚህ አገር በየእሽጉ ጀርባ ስንት ግራም ስኳር እንደተጨመረ ይጻፋል፤ ምራታችሁም እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለአንድ ልጅ የሚጨመርለት ስኳር በቀን ከ25 ግራም እንዳያልፍ ብሏል አለችኝ። ስድስት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። አባባ በሁለት ብርጭቆ ሻይ ይህንን ጨርሰው፣ በሦስተኛው ላይ «ምነው ዛሬስ አልጣፈጠም» ይላሉ። በዚህ ሒሳብ አባባ ከተወለዱ ጀምሮ የበሉት የስንት አሜሪካዊ ልጅ ድርሻ እንደሆነ አስቢው።

(እማዬ አትስማ።) እኔ ከዳቦው ሥር አንዲት ኩኪስ እደብቃለሁ። በሶፍት እጠቀልላታለሁ፤ ማሙሽም በልቶ ሶፍቱን እዚያው ጥሎ ይመጣል። የወንዶች ስምምነት ነው። ባለፈው ግን ኪሱ ውስጥ ፍርፋሪ ተገኘና «ማነው የሰጠህ?» ተባለ። ልጁ ዐይኑን ሳያሽ «አያቴ» አላለም መሰለሽ! እማዬ ወንጂ ተቀምጣ በቪዲዮ ስልክ ኩኪስ አቀበለችው ማለት ነው። የገረመኝ ውሸቱ አይደለም፤ ምራታችሁ ትንሽ አሰብ አድርጋ «እናትህ እኮ መንገድ አታጣም» ማለቷ ነው። በየስልኩ «ልጁ ከሳ፣ ጣፋጭ ስጡት» ስትል ሰምታለቻ።

እንግዲህ ባለፈው ሐሙስ በዚሁ በጣፋጭ ነገር የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ምራታችሁ ሥራ ስለነበረች እኔን ወከለችኝ። «ይከልከል ከሚሉት ጋር እጅህን አውጣ፤ ሌላ ነገር አትናገር።» አባባም ቀበሌ ሲልኩኝ እንዲሁ ነበር የሚሉት፤ የቀበሌውን መጨረሻ ታስታውሺዋለሽ።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ያስቀመጡን የሰባት ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ስለሆነ ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደርሷል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚያቀርበው ምግብ ደንብ አለው። ከ2025 ጀምሮ እዚያ በሚቀርበው የቸኮሌት ወተትና እርጎ ላይ የሚጨመረውን ስኳር መንግሥት ወስኖታል። ከቤት በሚታሰር ምሳ ዕቃ ግን ማንም አያገባውም። ጠቡ ያለው እዚያች ክዳን ሥር ነው።

አንዲት እናት ተነሡ፤ የጥርስ ሐኪም ናቸው። በየላስቲኩ ስኳር መዝነው አምጥተዋል። ይህ የጁሱ፣ ይህ የእርጎው፣ ይህ ፍራፍሬ ነኝ የሚለው ከረሜላ እያሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። እኔ የታየኝ የሰፈራችን የማሚቴ ሱቅ ነው፤ ያችው በወረቀት የምትጠቀለለው የሃምሳ ሳንቲም ስኳር። ከወዲያ በኩል ኮፍያ ያጠለቁ ግዙፍ ሰውዬ «ለልጄ የማስርለትን የምወስን እኔ ነኝ!» አሉ። ሴትየዋ «የእርስዎ ልጅ ቸኮሌት ይዞ ሲመጣ የእኔ ልጅ ካሮቱን ይጥላል» አሉ። ሰውዬው «ታዲያ ካሮቱን ይውቀሱት!» አሉ። እታለም፣ በልቤ አጨበጨብኩ።

አንዱ ደግሞ «ማርስ?» ብሎ ጠየቀ። ማርም የፍራፍሬ ጁስም ያው ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቀንሱ ከሚለው ስኳር ጋር ነው የሚቆጥረው አሉት። ማርን! እማዬ ብትሰማ ድርጅቱን ለቅዱስ ጊዮርጊስ ትሰጠው ነበር። ይህን ሳስብ ሳቄ አመለጠኝ። የእኛን ቤት ሳቅ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ አፍ ተከፍቶ ነው።

ቤቱ ጸጥ አለ። የጥርስ ሐኪሟ ዐይናቸውን ጥርሴ ላይ ተከሉ። ቀረብ አሉና፣ በጣም በትሕትና፣

«ይቅርታ፣ በልጅነትዎ ብዙ ስኳር ይበሉ ነበር?» አሉኝ።

ሌላ ነገር አትናገር ተብያለሁ። ግን ሰው ሲጠየቅ ዝም ይላል? «ስኳር ፋብሪካ ነው ያደግሁት» አልኳቸው።

ሴትየዋ አንድም ቃል አልጨመሩም። ወደ ወላጆቹ ዞረው ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ሙዚየም የሚያስጎበኝ ሰው እንደሚያደርገው። ሦስት እናቶች የልጆቻቸውን ቦርሳ ጠበቅ አድርገው ያዙ። ሰው ሲጨንቀው ታሪክ ያወራል፤ እኔም «አባቴ ሠላሳ ዓመት እዚያው ነው የሠሩት! ፋብሪካውን ያቆሙት ሆላንዶች ናቸው፤ በ1954 ነው ሥራ የጀመረው!» ማለት ጀመርኩ። ሆላንዶቹ ኢንዶኔዥያም ሸንኮራ ያለሙ እንደነበሩ ሳይቀር ነገርኳቸው። የጠየቀኝ የለም።

በኋላ ነው የነቃሁት። «ስኳሩ አይደለም! ውሃው ነው!» አልኩ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ልጅ ሆኖ የጠጣው ሰው ጥርሱ ቡናማ ይሆናል፣ የእኛ አገር መታወቂያ ነው፣ እህቴም እንዲሁ ናት ብዬ አስረዳሁ። (አትቆጪ፣ ምስክር ያስፈልገኝ ነበር።)

ፍሎራይድ የሚለውን ቃል ባላነሣው! ባለ ኮፍያው ዘለው ተነሡ። «አላልኳችሁም? ይኸው! መርዝ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳችሁ!» ለካ እዚህ አገር ጥርስ እንዲጠነክር ብለው በብዙ ከተማ የቧንቧ ውሃ ላይ ራሳቸው ፍሎራይድ ይጨምራሉ፤ ከ1945 ጀምሮ። ዩታ የሚባለው ክፍለ አገር ደግሞ በ2025 አይጨመር ብሎ በሕግ ከልክሏል፤ ሰውዬው ይህንን እንደ ወንጌል ይጠቅሳሉ። ሐኪሟ «መጠኑ ነው እንጂ! እኛ በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም ነው!» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ከ1.5 እንዳያልፍ ነው የሚለው፤ እኛ የጠጣነው ምን ያህል እንደሆነ አባባ ሲስቁ ይነበባል። እነሱ በጠብታ የሚለኩትን መድኃኒት እኛ በእንስራ ቀድተናል።

ከዚያ በኋላ ስኳሩን ያነሣው የለም። ሁለቱም ወገን ጥርሴን ማስረጃ አድርገው እያዞሩ ያሳዩኛል፤ አንዱ ለስኳሩ፣ አንዱ ለውሃው። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዝጋ ክፈት ስል አመሸሁ። በመጨረሻ መምህሯ ሰዓቱን ዐይተው ጉዳዩን ለኮሚቴ መሩት። ኮሚቴ፣ እታለም! ከዚያ ያመለጥን መስሎኝ ነበር። አባል ሆኛለሁ፤ ሁለቱም ወገን ነው የጠቆሙኝ።

ስወጣ ሐኪሟ ፓርኪንጉ ድረስ ተከተሉኝና የስልካቸውን መብራት አብርተው «አንዴ ይክፈቱልኝ» አሉ። እኔም ከፈትኩ። ቆይተው ቆይተው «አንድም የተቦረቦረ የለም» አሉ፤ የተናደዱ መሰሉኝ።

መንገዴ ላይ ያለው የላቲኖች ሱቅ ሸንኮራ ይሸጣል። ተቆርጦ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ዋጋ ተለጥፎበት፤ ከትራክተሩ ተጎታች መንትፈን በዘበኛው ዱላ ሥር የምንሮጥበት ሸንኮራ። ገዛሁና መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ በጥርሴ ላጥኩት። ደረቅ ነው። ሆኖም አንዲት ጠብታ ምላሴ ላይ ስታርፍ የፋብሪካው ጡሩምባ የነፋ መሰለኝና ዐይኔ እንቢ አለኝ፤ መሪውን ይዤ ትንሽ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ተንኳኳ፤ የሱቁ ጥበቃ ነው። በእጄ ዱላ፣ በአፌ ልጣጭ፣ በጉንጬ እንባ ይዤ ሲያየኝ «ጌታዬ፣ ሰው ልጥራልዎት?» አለኝ። ማንን ይጥራልኝ? አንቺን ሳይሆን አይቀርም፤ ግን አንቺ ከሸማቾች ተራ አትወጪም።

በነገራችን ላይ የስኳር ተራው እንዴት ሆነ? ፋብሪካው አፍንጫችሁ ሥር ሆኖ እናንተ ኩፖን ይዛችሁ ስትሰለፉ፣ እኔ እዚህ ከስኳር ለመሸሽ ስብሰባ እጠራለሁ። ይህን ለኮሚቴው ብነግራቸው ወይ እናንተን ይሸልሟችኋል ወይ እኔን ያባርሩኛል።

ምራታችሁ ስብሰባው እንዴት ነበር ስትለኝ «ተከለከለ» አልኳት። ደስ ብሏት ተኛች። እኔ ግን ለማሙሽ ጠዋት ሁለት ኩኪስ ነው ያሰርኩለት።

የኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባ በሚመጣው ሐሙስ ነው፤ የሚቀማመስ ነገር ይዘህ ና ተብያለሁ። ዳቦ ቆሎ ልሠራ አስቤአለሁ። እማዬን ጠይቂልኝ፦ የእሷ ዳቦ ቆሎ ውስጥ ስኳር አለበት ወይስ የለበትም? መልሱን በስልክ ላኪልኝ፤ ደብዳቤ ከሆነ ምራታችሁ ታነበዋለች። ስትደውዪም ማሙሽ እንዳያነሣው፤ አሁን ደግሞ ምን እንደሚል አይታወቅም።

ወንድምሽ